ያለ መሪ የማይገባበት ሸለቆ

…ድንጋዩ እጅህ ላይ ሳለ ነው ዞር ብለህ ያየኸኝ። ቀይ ድንጋይ፣ ከገደሉ የተፈለጠ፣ የዳቦ ቁራሽ የሚያህል። «ያዘኝ» እያልከኝ ነበር ወይስ «ተወኝ»? እስከ ዛሬ አላውቅም። ውድ ግዛቸው፣ ከዚያ ቀን ሌላውን ሁሉ ረስቼ ያችን አስተያየት ብቻ ማስታወሴ ያስፈራኛል።

ፊደሌ ቢጣመምብህ በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው። ስለ ቀኙ ኋላ እነግርሃለሁ። ነገሩ በተርታ ካልወጣልኝ ታገሰኝ፤ እኔ ራሴ በተርታ አላገኘሁትም።

የሄድነው ለአፈር ነበር። አንተ ከአዲስ አበባ፣ ከግብርና፤ እኔ ከዚህ ከሮማ፣ ከምግብ ድርጅቱ። በአሜሪካ፣ በናቫሆ ሕንዶች አገር በጎች የጋጡትን መሬት፣ ጎርፍ የቆረሰውን ቦረቦር ልናይ። ማንደፍሮ ደግሞ እኛን ሊያይ። በወረቀቱ ላይ «አስተባባሪ» ይባል ነበር። ካድሬ መሆኑን ለማወቅ ወረቀት አላስፈለገንም፤ ቁርስ ላይ ስንተያይ እንኳ ቀና ይል ነበር።

እሑድ የእግር ጉዞ ተባለና ወደ ሸለቆው አፋፍ ወሰዱን። መሪያችን ሚስተር ቤጌይ፣ ያ ባርኔጣውን የማያወልቀው ሽማግሌ ናቫሆ፣ ከመውረዳችን በፊት አቆመን።

«እዚህ ሸለቆ ያለ እኛ ማንም አይገባም» አለ። «ድንጋይ አትወርውሩ። በጣት አትጠቁሙ። ገደሉ ውስጥ ያሉትን የጥንት ቤቶች አትንኩ፤ ባለቤት አላቸው።»

«ባለቤቶቹ የት አሉ?» አለ ማንደፍሮ እየሳቀ።

«ስለ እነሱ አናወራም።»

ወረድን። ከላይ ሲታይ ክር የሚመስለው ውሃ ከታች እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር። አሸዋው ሞቃት፣ ግድግዳው ከሁለት በኩል እንደ ቀይ መጋረጃ። በአንድ ማሳ ዳር ጥቂት የኮክ ዛፎች አየን። ከነዚህ በፊት ብዙ ነበሩ አለን ሽማግሌው። በቅድመ አያቱ ዘመን፣ በብርድ ወራት፣ የአሜሪካ ወታደሮች መጡ። በቆሎውን አቃጠሉ፣ በጉን ገደሉ፣ በቀጣዩ በጋ ተመልሰው ኮኩን አንድ በአንድ ቆረጡት። ሕዝቡን በእግሩ ነድተው ወሰዱት፤ መራመድ ያቃታትን እርጉዝ መንገድ ላይ ተኩሰው አለፉ። ይህን ሁሉ የነገረን ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ነው። ከዚያ ገደሉ ላይ እየተደረደሩ ወደ ላይ የሚወጡ ትናንሽ ጉድጓዶችን በከንፈሩ አሳየን። የእጅ ጣትና የእግር ጣት ብቻ የሚያስገቡ።

«የአያቴ እናት የተረፈችው በነዚህ ወጥታ ነው።»

በከንፈሩ ሲጠቁም የአገሬ ሰው መሰለኝ። አንተም ፈገግ ብለህ ነበር፤ በዚያ ጉዞ የመጨረሻው ፈገግታህ።

ማንደፍሮ አጨበጨበ። «የኢምፔሪያሊዝም ግፍ! ዓባይነህ፣ ይቺን ሪፖርቱ ላይ አስፍርልኝ።»

«ኮክስ መልሰው ይተክሉታል» አልክ በአማርኛ፣ ለራስህ ይመስል። «ልጅ የቆረጠ ምን ይተክላል?»

ማንደፍሮ ጀርባውን ሰጥቶ ጫማውን አጠበቀ። የሰማ ግን መስሎኛል። ከዚያ በኋላ ለሆነው ሌላ ምክንያት ላገኝለት ሞክሬ ነበር፤ ሰምቶ ነው።

በጉድጓዶቹ ገደሉን መውጣት ጀመርን፤ ሽማግሌው ገመድ ይዞ ቀደመ፣ ማንደፍሮ ተከተለ፣ አንተ፣ እኔ። መሃል ላይ እግር ብቻ የምታስቆም ጠርዝ አለች። ከፍታ እንደምትፈራ አውቅ ነበር፤ ጉልበትህ ሲርገበገብ ከሥርህ ሆኜ አየሁት፤ ሱሪህ በነፋስ የሚወዛወዝ መሰለ፤ ነፋስ ግን አልነበረም። ማንደፍሮ ከላይ በሰፊው ጠርዝ ተቀምጦ እግሩን አንጠልጥሏል።

«አይዞን ጓድ ግዛቸው! ሳህለ እንኳ እንዲህ አልተንቀጠቀጠም።»

ሳህለ። ታናሽህ። ጠዋት መንገድ ዳር ተጥሎ የተገኘው፣ ደረቱ ላይ ወረቀት የተለጠፈበት፣ እናትህ እንዳታለቅስለት የተከለከለችው። ማን እንደገደለው በጅምላ ታውቅ ነበር፤ ሁላችንም በጅምላ እናውቅ ነበር። ማንደፍሮ ግን በእኔ ፊት፣ እጅህን ይዞ፣ «አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ በዚያ ሰሞን ከተማ አልነበርኩም» ብሎህ ነበር። አሁን ሳህለ ሲገደል እንዴት እንደቆመ፣ እንዴት እንዳልተንቀጠቀጠ ነገረህ። ለማሾፍ ብሎ። በጥርሱ መሃል አመለጠው።

ያ ፍርሃትህ የት እንደገባ አላውቅም፤ በነዚያ ጉድጓዶች እንደ ፍየል ወጣህ። የመጀመሪያው ምት አፉ ላይ አረፈ። የሰው መንጋጋ ሲሰበር እንደ ደረቅ እንጨት ይጮኻል ብዬ አስብ ነበር። አይጮኽም፤ እርጥብ ድምፅ ነው። ሁለተኛው ግንባሩ ላይ። ሸሚዝህን ያዘ፣ ተቀደደ፣ ተንሸራተተ። ደሙ በእኔ ላይ ወረደ፣ ሞቅ ያለ፣ አንገቴ ሥር። ቀና ስል በጣቶቹ ብቻ ከጠርዙ ተንጠልጥሏል፤ ጫማው ፊቴን ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል። ድንጋዩን በጣቶቹ ላይ አነሳህ።

ያኔ ነው ያየኸኝ።

ምን ፊት እንዳሳየሁህ ንገረኝ ብዬ ብጠይቅህ እወድ ነበር።

ሽማግሌው ተመልሶ ወረደ። አልገፋህም፣ አልያዘህም። የራሱን መዳፍ በማንደፍሮ ጣቶች ላይ ዘርግቶ አስቀመጠ፤ ጠባሳ ያለበት አሮጌ መዳፍ። እሱን ሳትመታ ማንደፍሮን መምታት አትችልም። ሌላ ምንም አላደረገም። ድንጋዩን ጣልከው። ሲወርድ፣ ሲጋጭ፣ ከታች ሲያርፍ ሰማነው።

ማንደፍሮን በገመዱ አውርደን ሆስፒታል ወሰድነው፤ መናገር ስላልቻለ ለሐኪሞቹ በወረቀት ጻፈላቸው፤ «አዳልጦኝ ወደቅሁ።» ይህን ሳነብ ካየሁት ደም የበለጠ ደነገጥኩ። ጉዳዩን ለራሱ ነው ያስቀረው።

አንተ ለእራት አልመጣህም። ሚስተር ቤጌይ መኪናው አጠገብ ቆሞ፣ «እህቴ በግ የሚጠብቅላት ሰው ትፈልግ ነበር» አለኝ። ይኸው ብቻ። ለሁሉም «ወደ ካሊፎርኒያ በሚሄድ አውቶቡስ ሲሳፈር አይቼዋለሁ» አልኩ፤ ውሸቱም እንደ አዲስ ጫማ ጥቂት ቀን ፋቀኝና ተላመደኝ።

አሁን ስለ ሮማ።

ማንደፍሮ በጋው ሲያልቅ እዚህ መጣ። መንጋጋው በሽቦ ታስሮ ድኗል፤ ግን ወደ ግራ ሄዷል፤ ሲያወራ የሚያወራው ለጎንህ ላለው ሰው ይመስላል። ለምን እንደመጣ የሚጠይቀው አልነበረም። ሐሙስ ሐሙስ ካሳነሽ ቤት ያገኘኛል። ካሳነሽን አታውቃትም፤ አሠሪ ሲኞራዋን ትታ ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ቪያ ቮልቱርኖ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይታ ምግብ ትሸጣለች። ሐሙስ ከሰዓት የቤት ሠራተኞች ዕረፍት ስለሆነ ቤቱ በእህቶቻችን ይሞላል። መጥቶ ፊት ለፊቴ ይቀመጣል፣ ያው ጥያቄ፣ ያው ካሊፎርኒያ።

ባለፈው ሐሙስ ካሳነሽ ሳህኑን እያስቀመጠች፣ «ዛሬም ሽሮ ብቻ?» አለችው።

«ጥርስ የት አለኝ እህቴ? የዚህ ሰው ጓደኛ ለቀመው።»

«አሎራ፣ እንግዲያው ቀጠን አድርጌ አመጣልሃለሁ። ለሌላውም ይበጃል፤ አፍህ ሲሞላ ጆሯችን ያርፋል።»

ሴቶቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ ምራቁን በመሐረብ ጠረገ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ካሊፎርኒያ ነው ያልከኝ።»

«ነው ያልኩህ።»

«ያለበትን አታውቅም።»

«አላውቅም።»

«ቫ ቤኔ፣ ይሁን። እንግዲያው ግዛቸው ይሙት በለኝ።»

ማንኪያ የያዘችው ማንኪያዋን አወረደች። ታውቃለህ፣ በዚያ ቤት ቀኑን ሙሉ ይማላል። ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ላይ ቲማቲም በስንት እንደተገዛ በወንድም ሞት ይማላል። ግን ለእውነት ነው። በሐሰት፣ ያውም ነፍሱ በክር ላይ የተንጠለጠለችን ሰው ሞት የሚጠራ አንድም ሰው በዚያ ክፍል አልነበረም። ማንደፍሮም ይህን ያውቃል። እኔን ከሚያውቀኝ በላይ እኛን ያውቃል።

የተማርኩ ሰው ነኝ። አንዲት ቃል ከቪያ ቮልቱርኖ ተነስታ ባሕር ተሻግራ አንተን ከበጎቹ መሃል አትጥልህም። ይህን አምናለሁ። አፌን ከፈትኩ። «ግዛቸው» አልኩ።

የቀረው አልወጣም።

ሰው ሌላ ነገር ማለት ይችል ነበር። መቆጣት፣ መሳቅ፣ «ደግሞ ለአንተ ልማልልህ?» ማለት። ሁሉም ከመሸ በኋላ ነው የመጣልኝ። በዚያች ሰዓት የታየኝ ሳህለ ደረት ላይ የነበረው ወረቀት ነው፤ የአንተ ስም ተጽፎበት።

ካሳነሽ ደረሰች። «አንተ ሰውዬ! በማዕድ ላይ ሞት አትጥራ። ምግብ ቤት ነው እንጂ ፍርድ ቤት አልከፈትኩም!»

«ተይ እህቴ፣ አትቆጪ» አላት ተነስቶ ኮቱን እየለበሰ። «ልጁ መልሶልኛል።»

ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ገዝቼ ስገባ ደረጃው ላይ ጠበቁኝ፤ እሱና አንድ የማላውቀው ወፍራም ሰው። ወፍራሙ አንገቴን ይዞ አንበረከከኝ። ማንደፍሮ ቀኝ እጄን በእምነበረዱ ጠርዝ ላይ ዘረጋና በተረከዙ ቆመበት። ከትንሿ ጣት ጀመረ። ሰበረ፣ ጠየቀ፣ ጠበቀ።

«አንቸኩልም» አለኝ። «አንተ አፈር ለካኝ ነህ፤ ትዕግሥት ታውቃለህ። የት ነው?»

ጮህኩ። በጣሊያንኛ መጮኼ ገረመኝ። ቀለበት ጣቴ ላይ ሲደርስ የአያትህን ስም፣ የትምህርት ቤታችንን ስም፣ ያልተጠየቅኩትን ሁሉ እያልኩ ነበር። የሽማግሌውም ስም ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ቤ… ብዬም ነበር መሰለኝ፤ ዳቦው ደም ነክቶት ደረጃው ላይ ሲንከባለል አያለሁ። የሁለተኛው ፎቅ ሲኞራ ወጥታ «ምንድነው?» ብላ ባትጮህ ኖሮ…

«ኒየንቴ ሲኞራ፣ ምንም አይደል፣ አዳልጦት ወድቆ ነው» አላት ማንደፍሮ በትሕትና። ዳቦዬን አንስቶ አቀበለኝ። ጆሮዬ ሥር ሆኖ፣ «ማክሰኞ እመለሳለሁ። ሌላ እጅ አለህ» አለ። ቀጥሎ አዲስ አበባ ያለችውን እናቴን የቀበሌና የቤት ቁጥር፣ እንደ ስልክ ቁጥር፣ በቃሉ ጠራልኝ። ፖሊስ ዘንድ ለምን እንዳልሄድኩ አትጠይቀኝ።

የምጽፍልህ ለዚህ ነው። አልናገርም ብዬ ልምልልህ አልችልም። ሦስተኛው ጣት ላይ ቢደርስ ማን እንደምሆን አይቻለሁ፤ አልወደድኩትም። ስለዚህ ይህ ወረቀት እንደደረሰህ ሂድ። በጎቹን ለባለቤቷ አስረክብ፣ ሽማግሌውን እጁን ስመህ አመስግን፣ ከሸለቆው ውጣ። የት እንደምትሄድ ግን እንዳትነግረኝ። አትጻፍልኝ፤ በሰውም ሰላምታ አትላክብኝ። እኔ የማላውቀው ቦታ ሁን። ያኔ በካሳነሽ ቤት፣ በእነዚያ ሴቶች ፊት፣ እንደልቤ እምልበታለሁ። ሞትህን ጠርቼ ዕድሜ እሰጥሃለሁ፤ ሌላ የምሰጥህ የለኝም።

ደብዳቤው እስኪደርስህ ያለውን ጊዜ በምን እንደምሞላው አላውቅም። አንድ ቀን ዝም፣ ከዚያ ሌላ ቀን። እየቆራረስኩ አስባለሁ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። እኔን ስለሚከታተሉኝ ካሳነሽ ገበያ ስትሄድ መጥታ ትወስደዋለች፤ በሽማግሌው ፖስታ ቁጥር ትልከዋለች። ብዙ ነገር ሳልነግርህ ነው የምዘጋው። ያን ቀን ጣቶቹን ብትመታ እንኳ እወድህ ነበር፤ ስላልመታሃቸውም እወድሃለሁ፤ ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ አልገባኝም። ደህና ሁን ወንድሜ። ብርድ ሲመጣ እግርህን ሸፍን።

ወንድምህ
ዓባይነህ

ቆይ፣ አላሸግኩትም። ከታች ሰው ገባ። እግሩን አዳምጣለሁ፤ የአንድ ሰው ይመስለኛል፣ አይደለም፣ ደረጃው ያስተጋባል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመ። የሲኞራዋ ድምፅ ሰላምታ ሰጠ፤ መልስ አልሰማሁም። አሁን እንደገና ይወጣል። ወረቀቱን አጥፌ

የጎረቤት በር ነው የተዘጋው፤ ወደ እኔ አልነበረም።