አባዬ፣ እማዬን እንዳትጠራት

ይድረስ ለአባዬ፣

ከሄድክ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነህ። እንዴት ነህ አልልህም፤ ጫማህን የሚደብቅብህ በሌለበት ተኝተህ መቼም ደልቶሃል። ስምንተኛን ሁለቴ ተምሮ የተወው ልጅህ ነኝ፤ ጽሑፌን ታገሰኝ።

የምጽፍልህ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ነው። እማዬ ውስጥ ናት። ዳሌዋ ተሰብሮ ኦፕራሲዮን ሊያደርጓት አስገብተዋታል። ደም ግፊቷ አልወርድ ብሎ ሦስት ቀን አቆይተዋት ነበር። ፈርቻለሁ አባዬ። የኔ ሥራ ሌላውን በቀልድ ማስፈራት እንደነበር ታውቃለህ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። ያቺ በእጅህ እየገፋህ ሰው ወደ ሰማይ የምታወጣባት ባለ አራት ወንበር ሽክርክሪትህ፣ ለአረፋ በአይሱዙ ጭነን አውበሬ ድረስ የወሰድናት፣ ለጥምቀት ሜዳ የምንተክላት፣ ግቢ ውስጥ ዝጋ ዶሮ ሰፍሮባታል። ከሷ በኋላ ጆተኒ መጣ፣ ቪዲዮ ቤት መጣ፣ ጌም ቤት መጣ። አንተ በየተራው ይሄም ያልፋል እያልክ ብረትህን ቀለም ትቀባ ነበር። አላለፈም። አሁን ደግሞ ከቶጎ ውጫሌ ስልክ የሚሰካበት መነጽር ገብቷል። ዓይንህ ላይ ታስረዋለህ፣ ወዲያው ሌላ አገር ነህ። ባሕር ሥር ትገባለህ፣ ሰማይ ላይ ትበራለህ፣ ቂጥህ ግን ዱካ ላይ ነው። እኔም አንዱን ይዤ በራችን ላይ ሰው እያስቀመጥኩ አሳያለሁ። ጎረቤታችን ኤዶ ሆዳን፣ የግመል ወተት የምትሸጠዋ፣ ዓሣ ስታይ ወላሂ ረጠብኩ ብላ ቀሚሷን ልትጨምቅ ስትነሳ ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ።

እማዬ ግን እምቢ አለች። ያንተም ሽክርክሪት ላይ አንዴ ብቻ ነው ለምነህ ያስቀመጥካት። ገና ከመሬት ክንድ ሳትነሳ በቃ ብላ ስትጮህ በሁለት እጅህ ይዘህ አቆምክላት። አልሳቅክባትም። የሳቅኩት እኔ ነበርኩ።

ማክሰኞ ጠዋት አታለልኳት። የአበባ ቦታ ነው፣ ቁጭ ብለሽ ታያለሽ አልኳት። የከፈትኩላት ግን ከገደል አፋፍ ቁልቁል የሚወረወረውን ባቡር ነው። መጀመሪያ ዱካውን ጨምቃ ያዘች። ከዚያ በቃ አለች። ደግማ፣ በቃ! እኔ በሌላ ስልክ እየቀረጽኳት ነበር፣ ለእህቴ ለትዕግስት ልልክ። መነጽሩ እንዳንተ የሚያቆምበት እጅ የለውም፤ ፊቷንም ሸፍኖታል፣ የምትስቅ መሰለኝ። ባቡሩ ሲወርድ አብራው ወረደች፣ ሲሚንቶው ላይ። ስትወድቅ የጠራችው ያንተን ስም ነው። እሱ ነው የሚያስፈራኝ። እንዳትመልስላት።

ሐኪሙ ሲጠይቃት፣ ወደኔ ሳታይ፣ አዳልጦኝ ነው አለች። ትዕግስት ከድሬዳዋ ደውላ ስታለቅስ እኔም አዳልጧት ነው አልኳት። ዛሬ ግን አልጋዋን እየገፉ ሲወስዷት እጄን ይዛ፣ አንተ ቀልደኛ፣ ቁርስህን ብላ አለችኝ። እዚሁ ግድግዳ ተደግፌ ለትዕግስት ደወልኩና እውነቱን ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ ስልኩን ዘጋችው። ካንተ ቀበቶ ይብስ ነበር። ቪዲዮው እስካሁን ስልኬ ውስጥ አለ፤ ማየትም ማጥፋትም ፈራሁ።

ከገባች ሁለት ሰዓት አለፈ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ እላለሁ። አባዬ፣ አንተ ስትጠራት ምጣድ ላይ ያለውን ጥላ የምትሮጥ ሴት ናት፣ ስለዚህ ዛሬ ድምፅህን አታሰማት። ብቸኝነት ከብዶህም ከሆነ ቻለው። መቃብርህ ላይ የምታበራልህን ጧፍ እኔ አበራለሁ። ስምህን ቄሱ ዘንድ የማስጠራው እኔ እሆናለሁ። ጠዋት ስትነሳ ለፎቶህ የምትለውንም እላለሁ፤ የማላውቀውን እሷን እየጠየቅኩ። እሷ ቤት ትቀመጥልኝ እንጂ፣ የሷንም ድርሻ ጨምሬ አስታውስሃለሁ።

ልጅህ