በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 1

ሦስት ሹሩባ ሠራሁ፣ አንዲቷን ሴትዮ በፀጉር ማድረቂያው ካስክ ትንሽ አቃጠልኳት። ጮኸች። በቸርቻችን በፓስተር ፀጋዬ ድምፅ «እህቴ፣ ይህ እሳት የፈተና እሳት ነው» አልኳት። ሳቀች። ቲፕም ሰጠችኝ።

ይሄን ደብተር በአማርኛ የምጽፈው ፋኢዛ እንዳታነብብኝ ነው። እዚህ ኬንያ፣ ኢስትሊ ሰፈር ያለው ፀጉር ቤት ውስጥ አብራኝ ትሠራለች። ሶማሌ ናት፤ ከአማርኛ የምታውቀው ስድብ ብቻ ነው። ያስተማርኳትም እኔው ነኝ።

ካሳራኒ ሰፈር ቤታችን ስገባ ርብቃ ከሩጫ ተመልሳ እግሯን ባልዲ ውስጥ ነክራ ቁጭ ብላለች። እህቴ። በሁለት ዓመት ታንሰኛለች፣ በሌላው ሁሉ ትበልጠኛለች። ፎርም ፎርን፣ የሁለተኛ ደረጃን መጨረሻ፣ በኤ ማይነስ ጨርሳለች። እኔ? ፎርም ቱ ላይ የዳይሬክተሯን ድምፅ አስመስዬ በማይክ «ዛሬ ትምህርት የለም፣ ወደ ቤታችሁ» አልኩ። ስድስት መቶ ልጅ ወጣ። እኔም ወጣሁ። እነሱ በማግሥቱ ተመለሱ።

ርብቃ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር በአራት ደቂቃ ከአሥራ ስድስት ሰከንድ ትሮጣለች። አሜሪካ ያለ የአንድ አሮጌ ዩኒቨርሲቲ የሩጫ አሰልጣኝ ራሷ ኢሜይል ትጽፍላታለች። የዩኒቨርሲቲውን ፎቶ አየሁት። ግድግዳው ሁሉ ሐረግ ወጥቶበታል። ስሙን «ሐረጋሙ» አልኩት።

«ሀብታሞች እኮ ናቸው ደሲ» አለችኝ ርብቃ።

«ታዲያ አትክልተኛ አይቀጥሩም?»

በትራስ መታችኝ። ከትራሱ ሥር ያ ፎቶ ወደቀ። ኢንተርኔት ቤት ሄዳ በቀለም አሳትማዋለች። ለእማ አልነገረቻትም። ሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር በርብቃ ጭንቅላት የለም... ሐረጋሙ ብቻ።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 6

ዛሬ ኃጢአት ሠራሁ። ጣፋጭ ነው።

የፋኢዛ ዋትሳፕ በአሜሪካ ቁጥር ነው፤ ሚኒሶታ ያለችው እህቷ ናት ያወጣችላት። ጓዳ ገባንና ርብቃ ጋ ደወልን። አሰልጣኟን በቪዲዮ ሰምቻታለሁ፤ ቃሉን ሁሉ እንደ ማስቲካ ነው የምትስበው። አፍንጫዬን ያዝ አድርጌ፦

«ሃይ ሬቤካ! ኮች ሊንዚ ነኝ! አንድ ጥያቄ ብቻ... የመጀመሪያ ምርጫሽ እኛ ነን?»

«አዎ! አዎ! አዎ ኮች! በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ!»

በእግሯ! ከካሳራኒ! ውቅያኖሱንስ? ፋኢዛ ፎጣ አፏ ውስጥ ከተተች። እኔ ቀዳሁት።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 7

ከቸርች በኋላ መዘምራኑ እኛ ቤት ምሳ በሉ። በስፒከር ለቀቅሁት። «በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ!» ቤቱ ፈረሰ። አጎቴ ያዕቆብ ሳል ያዘው። ፓስተር ፀጋዬ እንኳ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ርብቃ ብርጭቆ ደርድራ ቆማ ነበር። እሷም ሳቀች... ከንፈሯ ሳቀ። ሌላው ፊቷ አልሳቀም።

እማ ጭራሽ አልሳቀችም።

«አንቺ ልጅ! የአማኝ ቤት ልጅ እንዲህ ትዘላለች? ጌታ ከፈቀደ አይባልም? ቤት የሌላት ይመስል!»

እውነቷን ነው። እኛ ቤት ሻይ እንኳ ሦስቴ እምቢ ተብሎ ነው የሚጠጣው። ዩኒቨርሲቲማ ስንቴ እምቢ ይባል ይሆን?

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 12

ስሟ «አዎ ኮች» ሆኗል። የፎቁ ሕፃናት ይጠሯታል። በር ላይ ማንዳዚ ብስኩት የምትጠብሰው ማማ ንጄሪ ሳትቀር «ዬስ ኮቺ!» ትላታለች። ዝነኛ አደረግኳት። ምስጋና ግን የለም።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 18

እረፍቴ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የርብቃ ስልክ ጠራ። የአሜሪካ ቁጥር። ቀና ብላ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ሁለት እጄን አነሳሁ፤ አንዱ ላይ ሽንኩርት፣ አንዱ ላይ ቢላ። እኔ አይደለሁም!

እውነተኛዋ ሊንዚ። እማም እንድትሰማ ላውድ ላይ አደረገችው። ስለ ሰዓቷ፣ «ግሬት!» ስለ ውጤቷ፣ «ግሬት!» ስለ ጉልበቷ፣ «ግሬት!» ከዚያ... ራሷ ጥያቄዋ መጣች። ያቺው የኔዋ!

«የመጀመሪያ ምርጫሽ እኛ ነን? ስምሽን ብሰጥልሽ ትመጫለሽ?»

ርብቃ እማን አየች። ከዚያ እኔን አየች። እኔ ያለ ድምፅ፣ በከንፈሬ ብቻ፣ «በ-እ-ግ-ሬ» አልኳት። ምን ላድርግ? አመለጠኝ። ድምፅ እንኳ የለውም።

ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች። «ጌታ ከፈቀደ፣ ኮች። እየጸለይንበት ነው። ሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች አሉ... እናያለን።»

ሌሎች? የትኞቹ? አንድም የለም እኮ! እማ ግን እንደ ሙሽራ እናት ራሷን ነቀነቀች። እኔም አውራ ጣቴን አነሳሁ። ኩሩ ልጅ!

«ግሬት» አለች ሊንዚ። «ይገባኛል። ተረጋግተሽ አስቢበት።»

ያቺ «ግሬት» ግን... ከፊተኞቹ ጋር አትመሳሰልም። ፊተኞቹ ወደ ላይ ይወጣሉ። ይቺ ዝቅ አለች። መኝታ ቤት ገብቼ ሁለቱንም ሞከርኳቸው። የፊተኛዋ በቀላሉ ወጣች። የኋለኛዋ እምቢ አለች። በመጨረሻ አንድ ነገር ከእጄ መሬት ሳስቀምጥ ነው የመጣችልኝ።

ሊንዚ ምን አስቀምጣ ይሆን?

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

የሊንዚ ኢሜይል አጠረ። ድሮ ገጽ ሙሉ ነበር፤ ዛሬ «መልካም ዕድል» ብቻ። ርብቃ «ሥራ በዝቶባት ነው» አለች። አዎ፣ ሐረግ እየቆረጠች ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 1

ማመልከቻው ተላከ። እማ ላፕቶፑ ላይ እጇን ጭና ጸለየችለት። ወዲያው ጠፋ። ቻርጅ ነው... መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 13

አልተቀበሏትም።

ጠዋት ስልኳ ላይ አየችው። «እናዝናለን» ብሎ ይጀምርና «እናመሰግናለን» ብሎ ይጨርሳል። መሃሉ ላይ ዘንድሮ ጎበዝ ልጅ በዝቷል ይላል። ርብቃ አነበበችው፣ ጫማዋን አሰረች፣ ልትሮጥ ወጣች። ዛሬ የእረፍት ቀኗ ነበር። ስትመለስ ጫማውን አልጋ ሥር ወረወረችው፤ አንዱ የመኝታ ቤቱ መሃል ላይ ቀረ። ማንም አላነሳውም።

አንድ ቀልድ መጣልኝ። ዋጥኩት። በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው።

እሑድ፣ ዲሴምበር 14

ሰው ሊያጽናና መጣ። ለምን እንዳልተቀበሏት ከርብቃ በቀር ሁሉም ያውቃል።

አጎቴ ያዕቆብ፦ «ማኅተም የለውማ! ማኅተም የሌለው ወረቀት ማን ያነበዋል?»

ፓስተር ፀጋዬ፦ «ጌታ ከአንድ አደጋ ሲሰውራት ነው። አውሮፕላኑ ይሆናል።»

እማ፦ «ልጆቻቸውን ቀድማ እንዳታሳፍርባቸው ፈርተው ነው።»

ፋኢዛ በስልክ፦ «ማመልከቻው ላይ ባለው ፎቶ ፀጉሯን ማን ነው የሠራት? አንቺ? በቃ፣ ተገኘ።»

ርብቃ ለሁሉም ሻይ ቀዳች። ሦስቴ እምቢ ብለው ጠጡ።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 16

ርብቃ ሦስተኛ ቀኗ፣ አልሮጠችም። ሙዋሊሙ (መምህር) ዋንጃላ፣ የትምህርት ቤቷ አሰልጣኝ፣ ስልኩን ስለማታነሳ እኔን ጠራኝ። የካሳራኒ ስታዲየም ጀርባ ልጆች እያሮጠ አገኘሁት።

«ሙዋሊሙ፣ ምን ጎደላት?»

«ምንም። አሰልጣኝ አታስገባም ደስታ፣ የሚያስገባው የዩኒቨርሲቲው የቅበላ ቢሮ ነው። አሰልጣኟ ለቢሮው ጥቂት ስም ነው የምትሰጠው። ዘንድሮ ለመካከለኛ ርቀት ሁለት ስም ብቻ ነበራት። እንደ ርብቃ የሚሮጡ፣ እንደ ርብቃ ኤ ያላቸው ደግሞ አሥራ ሁለት ልጆች። ሁሉም ጋ ትደውላለች። አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች...»

«የመጀመሪያ ምርጫሽ ነን ወይ።»

«በምን አወቅሽ?»

«ቀጥል ሙዋሊሙ» አልኩት።

«አዎ ያለችዋን ስሟን ትሰጥላታለች። አስብበታለሁ ያለችዋን ግን... ሌላ ቦታ ልትሄድብኝ ነው ብላ ቀጣይዋ ጋ ትደውላለች። ስም ያልተሰጠላት ልጅ ወረቀቷ ከዓለም ወረቀት ጋር ይደባለቃል። እዚያ ውስጥ ኤ የሌለው የለም፣ ዋንጫ የሌለው የለም። ርብቃ ምን ብላ መለሰችላት?»

«ጌታ ከፈቀደ።»

ኮፍያውን አወለቀ። እኔን አላየኝም፤ የሚሮጡትን ልጆች ነው ያየው። «ፖሌ» አለ ቀስ ብሎ። አይዞሽ፣ አዝናለሁ፣ ሁሉም በአንድ ቃል ነው በስዋሂሊ።

ማታቱ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ሳስበው መጣሁ። አዎ ብላ ነበር እኮ። ሦስት ጊዜ ብላለች። ቀድቼ በስፒከር የለቀቅሁት እኔ ነኝ። ማኅተም አይደለም፣ አውሮፕላን አይደለም። እኔ ነኝ።

ለርብቃ ልንገራት? ...ነገ።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 18

አልነገርኳትም። የሊንዚን ቁጥር ከስልኳ ወሰድኩ።

እንግሊዝኛ መጻፍ አልችልም፣ መናገር ላይ ግን ማንም አይችለኝም። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ የድምፅ መልእክት ልላክላት አልኩ። አሥራ አንድ ጊዜ ቀዳሁ። መጀመሪያ የዳይሬክተሯ ድምፅ ወጣ። ከዚያ የፓስተር። አንዴማ ሊንዚ ራሷ ወጣችብኝ... ሊንዚን ለሊንዚ ልልካት ነው? የኔ ድምፅ የቱ ነው? አሥራ አንደኛው ላይ መጣ። ቀጭን ነው። ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ላክሁት።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 25

የኬንያ ገና። መልእክቱ ሁለት ሰማያዊ ምልክት አውጥቷል። ሰምታዋለች። መልስ የለም። ጫማው መኝታ ቤቱ መሃል እንዳለ ነው፤ እማ ዙሪያውን ትጠርጋለች።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 10

ሥራ ላይ፣ ግማሽ ሹሩባ እጄ ላይ ይዤ፣ ስልክ ጠራ። የማላውቀው የአሜሪካ ቁጥር። ፋኢዛ የለችም፤ እህቷ ከሚኒሶታ ለሰርግ መጥታ እሷን እያዞረች ነው።

«ደስታ ነሽ? የኮች ሊንዚ ረዳት ነኝ። መልእክትሽን ሰምተነዋል። ብታብራሪልን?»

ሹሩባውን ለቀቅሁት። ሁሉንም ነገርኳት። አፍንጫዬን እንዴት እንደያዝኩ፣ ስፒከሩን፣ ማማ ንጄሪን፣ ሽንኩርቱን፣ «በእግሬ» ያልኩበትን ከንፈሬን። ሴትዮዋ ወንበሩ ላይ ዞራ ታየኛለች። ትየኝ።

«እና እህትሽ የእውነት ትመጣ ነበር?»

«አዎ! አዎ! አዎ! በእግሯም ቢሆን ትመጣ ነበር!»

ከዚያ በስልኩ ውስጥ የማታቱ ጥሩንባ ጮኸ።

አሜሪካ ማታቱ አለ እንዴ?

ያው ጥሩንባ ደግሞ በመስኮታችንም ጮኸ። በሩ ተከፈተ። ርብቃ! የፋኢዛን እህት ስልክ ጆሮዋ ላይ እንደያዘች። ከኋላዋ ፋኢዛ፣ ፎጣ አፏ ውስጥ።

«አንቺ ነሽ?» አልኳት። «ድምፅ ማስመሰል ከመቼ ጀምሮ ነው የምትችይው?»

«አሥራ ስምንት ዓመት አጠገብሽ ተኝቼ ምን የተማርኩ መሰለሽ?»

ካስኩ ሥር ቁጭ አለች። ለካ ሊንዚ መልእክቴን ሰምታ ለርብቃ ነው የመለሰችላት። ስሞቹ በሴፕቴምበር አልቀዋል፣ ምንም ማድረግ አይቻልም። ግን ስሟን ለአንድ አሰልጣኝ ጓደኛዋ ሰጥታላታለች። ሰው የማያውቀው ትንሽ ኮሌጅ፣ እርሻ መሃል።

«ሐረግስ?»

«የለውም። በቆሎ ነው ዙሪያው።»

«ይሻላል። በቆሎ ይበላል።»

አልሳቀችም። እያየችኝ ነው። «ይቅርታ ርቢ» አልኩ፣ በዚያ በቀጭኑ።

«ድገሚው። ይሄኛው አልተቀዳም።»

ደገምኩት።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 11

ርብቃ የትናንቱን ስልክ ቀድታው ኖሮ ምሳ ላይ በስፒከር ለቀቀችው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። አጎቴ ያዕቆብ እንደገና ሳል ያዘው። ከዛሬ ጀምሮ የኔ ስም «በእግሯም ቢሆን» ነው።

እማ አሁንም አልሳቀችም። አንገቷን ደፍታ ሰማች። ሲያልቅ «ጌታ ከፈቀደ በይ ያልኳት እኔ አይደለሁ?» አለች። ርብቃ ሻይ አቀረበችላት። በመጀመሪያው ተቀበለች።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 22

የበቆሎው አሰልጣኝ ደወለ። ኮች ዴቭ ይባላል። ላውድ ላይ ነው። ስለ ሰዓቷ ጠየቀ፣ ስለ ጉልበቷ ጠየቀ። ከዚያ «የመጀመሪያ ምርጫሽ...» ሲል፦

«አዎ!»

አላስጨረሰችውም። እኔ አፌን በሁለት እጄ ይዣለሁ፣ ከንፈሬ እንዳያመልጥ። እማ ከማድቤት እየሮጠች፦ «ፈቅዷል በዪው! ጌታ ፈቅዷል!»

«ምን አለች?» አለ ዴቭ።

ርብቃ ወደኔ አየች። ጠጋ ብዬ፣ በራሴ ድምፅ፣ «እናታችን ናት። እሷም አዎ ትላለች» አልኩት።

«ግሬት!»

ወደ ላይ ወጣች ያቺ «ግሬት»። እስከ ጫፍ። ርብቃና እማ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ እኔ መኝታ ቤት ገብቼ ሞከርኳት። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ጉሮሮ ይፈልጋል። አልወጣ አለኝ። ያቺ ዝቅ ያለችዋ የሊንዚ «ግሬት» አንድ ነገር መሬት ሳስቀምጥ ነበር የመጣችልኝ፤ ይቺንስ ምን ይሆን የሚጎድላት?

ጎንበስ ብዬ ከወለሉ መሃል ያንን ጫማ አነሳሁ።

ወጣች።