ሃያ ልጅ እስከ ቅዳሜ

ሰኞ

ዘጠኝ ተማሪ! ሰብለ ሦስት ጊዜ ቆጠረች፤ ሦስት ጊዜም ዘጠኝ ሆነ። አራተኛውን እኔ ልቁጠርልሽ ብላት በዓይኗ ገረፈችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ ሰብለ ኬሚስትሪ ተምራ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ወዲህ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ልጆች በኢንተርኔት በቀጥታ ታስተምራለች። ልጆቹ ከጅማ፣ ከሰርቦና ከአጋሮ ናቸው። የምታስተምረው ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ካለው የስልክ መጠገኛ ሱቄ ጓዳ ሆና ነው፤ ኔትወርኩ እዚህ ይሻላል። እኔ መብራት አስተካካይ፣ ካሜራ ጠባቂና ብርጭቆ አጣቢ ነኝ። ኬሚስትሪ የተማርኩትም ከካሜራው ጀርባ ቆሜ ነው። ሌላውን ሁሉ የተማርኩት ሬዲዮና ስልክ እየፈታሁ ነው። አንዳንዱን መልሼ መግጠም አቅቶኛል፤ እሱም ትምህርት ነው።

ዛሬ ጠዋት ትምህርቱን ከሚመራው የአዲስ አበባ ቢሮ መልእክት ደረሳት። ቅዳሜ አቶ ምሕረቱ የሚባሉ ኃላፊ ትምህርቱ ላይ ገብተው ያያሉ። ሃያ ተማሪ ካልተገኘ የጅማው ክፍል ይዘጋል፤ ልጆቹም ቀድሞ በተቀዳ ቪዲዮ ይማራሉ።

«ቪዲዮም እኮ ክፉ አይደለም» አልኳት ለማጽናናት።

«ቪዲዮ ‹አልገባኝም› ሲሉት ይሰማል ጋሼ?»

አይሰማም።  ወረቀትና ሙጫ ፍለጋ ተነሣሁ።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ትምህርት ቤት በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፍን። የሰፈሩን ወላጆችም ዞሬ ለመንኩ። «ልጄን ስልክ አትንካ እያልኩ አንተ ንካ ልትለው ነው?» ያሉኝ አሉ። ወደሚቀጥለው በር አለፍኩ።

ማክሰኞ

ዛሬ ያደረግኩትን እኔው ብጽፈው ይሻላል። ሌላ ሰው ካወራው ይጨምርበታል።

ጠረጴዛዬ ላይ ተጠግነው ባለቤቶቻቸውን የሚጠብቁ አሥራ አንድ ስልኮች ነበሩ። ዘጠኝና አሥራ አንድ ሃያ ነው። ለዚህ ሂሳብ ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም። ለቅዳሜ ልምምድ ይሆነኛል ብዬ አንድ በአንድ ወደ ትምህርቱ አስገባኋቸው። ስምም አወጣሁላቸው፤ ቶሎሳ፣ ቦንቱ፣ መቅደስ… አንዱን «ጎበዝ» ልለው አስቤ ነበር፤ ይነቃብኛል ብዬ ተውኩት።

ሰብለ ስክሪኑን ስታይ ፊቷ በራ። «ጋሼ! ሃያ ሆኑ! ማስታወቂያው ሠራ!» ደስታዋን ሳይ ራሴን መረቅኩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰብለ ጥያቄ ታወጣለች፤ ልጆቹ በሠላሳ ሴኮንድ ውስጥ ሀ፣ ለ ወይም ሐን ይጫናሉ፤ ወዲያው ስንቱ እንደገባው የሚያሳይ ባለ ቀለም መስመር ይረዝማል። የዛሬው ጥያቄ ኮምጣጤ አሲድ ነው፣ ቤዝ ነው ወይስ ገለልተኛ የሚል ነበር። አሥራ አንድ ስልክ በሠላሳ ሴኮንድ መጫን ማሽላ ላይ የሰፈረ ወፍ እንደ መከላከል ነው። አንዱን እሽ ስትለው ሌላው ያርፋል። ተቻኩዬ ሰባቱን «ቤዝ» አስባልኳቸው። የስህተቱ መስመር ሲረዝም ሰብለ ደነገጠች።

«አዲስ የገባችሁ አይዟችሁ። ቦንቱ፣ ለምን ቤዝ አልሽ? ማይክሽን ክፈቺና ንገሪን።»

ቦንቱ ግራ እጄ ላይ ነበረች። ማይኳ እንዳይከፈት ስጠነቀቅ የሌሎቹን የሦስቱን ከፈትኩት። አንድ ጓዳ ውስጥ ብዙ ማይክ ሲከፈት ምን እንደሚሆን ስልክ ጠጋኝ ነኝ የሚል ሰው ማወቅ ነበረበት። ስልኮቹ እርስ በርስ ተሰማሙና እንደ ተረገጠ ድመት ጮኹ። ኮቴን ጣል አድርጌባቸው ላያቸው ላይ ተቀመጥኩ። ከሥሬም ጩኸቱ አልቆመም።

ሰብለ ጆሮዋን ይዛ ዞረች። «ጋሼ፣ ቦንቱ የታለች?»

«ኔትወርክ አስቸግሯት…»

«ይነሡ።»

ተነሣሁ።

ረቡዕ

እስከ ምሳ አላናገረችኝም። ስታናግረኝ ደግሞ ባታናግረኝ ይሻል ነበር።

«የሰው ስልክ ነው ጋሼ። እኔ ልጆቹን ያላያችሁትን አየን ብላችሁ አትጻፉ እያልኩ ነው የማስተምረው። እርስዎ የሌሉ ልጆች ጻፉልኝ።»

ትክክል ናት። ባለስልኮቹ ሲመጡ ጥፋቴን ነገርኳቸው። አብዛኞቹ ሳቁ። አንዲት ሴትዮ «ስልኬ እኔን ጥሎ ተማረ በሉኛ!» አለችኝ። አንድ ሰውዬ ግን ሌላ ጠጋኝ ፍለጋ ሄደ። ይገባኛል።

ከቢሮውም ጥያቄ መጣ። ማክሰኞ ሃያ ገብተው አሥራ አንዱ ባንዴ የጠፉት ለምንድን ነው አሉ። ሰብለ እውነቱን ጻፈች፤ «አጎቴ ነው ያስገባቸው።» ስሜ አዲስ አበባ ገባ።

ከዚያ የዘጠኙን ልጆች ውጤት ስታይ ቆየችና አንዷ ላይ ቆመች። የሰርቦዋ ፈዲላ። አንድም ቀን በሠላሳ ሴኮንድ ውስጥ መልሳ አታውቅም። ሁልጊዜ ጊዜው ካለቀ በኋላ ነው የምትልከው፤ አፑም ዜሮ ይሰጣታል።

«ግን የምትልከው መልስ አብዛኛው ትክክል ነው። ስልኳ ይሆን? ነገ ሄደው ያዩልኛል?»

ቅጣቴ መሆኑ ገብቶኛል። መፍቻዎቼን ሰበሰብኩ።

ሐሙስ

ስልኩ ምንም አልሆነም!

የፈዲላ እናት ሰርቦ ገበያው አጠገብ ሱቅ አላቸው። ሱቁ በረንዳ ላይ ስደርስ ሠርግ ያለ መሰለኝ። ስልኩ የስኳር ማዳበሪያ ተደግፎ ቆሟል፤ ከፊቱ ልጆች በሦስት ረድፍ ተደርድረዋል። ቆጠርኩ። አሥራ አምስት።

«እነዚህ ሁሉ ምንድን ናቸው?» አልኳት ፈዲላን።

«ክፍላችን ነዋ!» አለችኝ፤ የጠየቅኩት ነገር ሞኝነቱ ገርሟት።

ለልጆች የሚተርፍ እንዲህ ያለ ስልክ ያላቸው የእሷ እናት ብቻ ናቸው። በሌሎቹ ቤት ቢኖርም ከአባትየው ኪስ አይወጣም፤ አባትየው ደግሞ በዚህ ወቅት ቡና ለቀማ ላይ ነው። ስለዚህ ሁሉም እዚህ ይመጣሉ።

አሥር ሰዓት ሲሆን የሰብለ ድምፅ ጥያቄ ይዞ መጣ። ማንም አልተጫነም። ተከራከሩ እንጂ! በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በእጅ፣ በክርን። አብዲ የሚባል ቀጭን ልጅ ተነሥቶ «ላኪ! ላኪ!» ይላል፤ አይደለም ማለቱ ነው። ሌሎቹ «ኤዬ! ነው!» ይሉታል። ከዚያ እጅ አወጡ፤ ፈዲላ ቆጠረች፤ ብዙው ያለውን ተጫነች። ሠላሳው ሴኮንድ ካለቀ ቆይቷል።

«አንቺ ዝም ብለሽ አትጫኚም?»

«ብቻዬን ብጫን ማን ዝም ይለኛል ኦቦ ተካ? የሁላችን መልስ ነው።»

«ይሁን። ለቲቸር ለምን አልነገራችኋትም?»

እርስ በርስ ተያዩ። የተመዘገበው የፈዲላ ስም ብቻ ነው። የቀረነው ከታወቅን እንባረራለን ብለው ፈርተዋል። ለካ ሰብለ ካሜራ ክፈቱ ስትል አሥራ አራቱ ልጆች በረንዳው ላይ ልጥፍ ብለው ይተኛሉ! አንዷ እንዴት እንደሚተኙ አሳየችኝ። ሲሚንቶው ቀሚሷን አሳስቶታል።

እኔ የሌሉ ልጆች ስፈጥር እነሱ ያሉትን ይደብቁ ነበር። የሰርቦ ሚኒባስ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ቦታ ቀየሩ።

ዓርብ

ሰብለ ስነግራት መጀመሪያ አላመነችኝም። በዚህ ሳምንት አያስፈርድባትም። ለፈዲላ ደውላ አረጋገጠች። ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገች፤ ከዚያ ወደ ቀሩት ስምንት ስልኮች ደወለች። የአጋሮው ሙሉቀን ሁለት እህቶቹን ይዞ ነው የሚማረው። እዚሁ ጅማ አንዷ ከአክስቷ ልጅ ጋር ናት። ዘጠኙ ስልክ ሃያ ስድስት ልጅ ሆነ!

እኔ እንኳ ልጨፍር ተነሥቼ ነበር።

«ይቀመጡ ጋሼ። አፑ የሚቆጥረው ስልክ ነው። ሃያ ስድስት ናቸው ብዬ ብጽፍ ከማክሰኞ በኋላ ማን ያምነኛል?»

ተቀመጥኩ። ለነገሩ ይቺን አላሰብኳትም ነበር። የእኔ አሥራ አንድ ውሸት የእሷን ሃያ ስድስት እውነት አበላሸባት።

ስለዚህ አትጽፍም፤ አቶ ምሕረቱ በዓይናቸው ያያሉ። ለልጆቹ ሁሉ ነገረቻቸው፤ ከርከዴ አፍሉ፣ ሎሚና የአመድ ውሃ አዘጋጁ፣ ከአካባቢያችሁም ልትፈትኑት የምትፈልጉትን አንድ ነገር አምጡ። ለሰርቦዎቹ ለብቻ፤ ማንም ወለል ላይ እንዳይተኛ።

የሚያሰጉን ነገሮች፦ መብራት፣ የሰርቦ ኔትወርክ፣ እኔ። ሦስተኛውን የጻፈችው ሰብለ ናት።

ቅዳሜ

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አቶ ምሕረቱ ስክሪኑ ላይ ገቡ። መነጽር አለ፣ ከረባት አለ፣ ፈገግታ የለም።

«ዘጠኝ ተማሪ ነው የማየው» አሉ። ቀጠሉና «በማክሰኞው ጉዳይ የተጠቀሱት ግለሰብ እዚያ አሉ?»

ከካሜራው ጀርባ እጄን አወጣሁ። እንደማያዩኝ ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው።

ሰብለ ጀመረች። ከርከዴው ላይ ሎሚ ጠብ አደረገች፤ ደማቅ ቀይ ሆነ፤ አሲድ። በሌላ ብርጭቆ የአመድ ውሃ ጨመረች፤ ወደ አረንጓዴ ዞረ፤ ቤዝ። ከዚያ ወደ ሰርቦ ሄደች። የአብዲ አባት ቡና ማጠቢያ ውስጥ ነው የሚሠሩት፤ ልጁ የተፈለፈለ ቡና የተዘፈዘፈበትን ውሃ በኮዳ ይዞ መጥቷል። አሲድ ነው ወይስ ቤዝ?

ሠላሳ ሴኮንድ አለቀ። ከሰርቦ መልስ የለም።

«ጊዜው አልፏል» አሉ አቶ ምሕረቱ፤ ጻፉም።

«ፈዲላ» አለች ሰብለ፣ «ለምን እንደምትዘገዩ አሳዪን።»

ፈዲላ ስልኩን አነሣች። ምስሉ ቆመ። የአንድ ልጅ ግማሽ ጆሮ ብቻ ይታያል። ስንት ጊዜ እንደቆየ አላውቅም፤ እኔ ግን የማውቃቸውን ታቦታት ሁሉ ጠርቼ ጨርሼ ነበር። ከዚያ ምስሉ ተንፏቀቀ። የፊቱ ረድፍ። መካከለኛው። የኋላው። ሁሉም ቆመዋል፤ ፀጉራቸውን ያልተቀባ የለም።

ክርክራቸውን ግን አላቆሙም።

«ቲቸር፣ ቤዝ ነው!» አለ አብዲ። «ያሙለጨልጫል። ቤዝ እንደ ሳሙና ያሙለጨልጫል ብለሽን የለ?»

«ሽታውስ?» አለች ፈዲላ። «እንደ ኮምጣጤ ነው እኮ የሚሸተው! አሥራችን አሲድ ብለናል፤ እናንተ አምስት ናችሁ።»

«አምስትም ልክ ይሆናል!»

አቶ ምሕረቱ ወደ ካሜራቸው ቀረቡ። «እኔም… የሚያሙለጨልጭ ከሆነ ልጁ ልክ ይመስለኛል።»

«ስድስት ሆንን!» ብሎ አብዲ ዘለለ።

ሰብለ ማን ልክ እንደሆነ አልተናገረችም። «ሞክሩት» አለች። ፈዲላ ውሃውን ከርከዴው ላይ አንጠበጠበች። ቀላ። እንደ ሎሚው ቀላ! በረንዳው በጩኸት ተናጋ፤ እናትየው ከሱቅ ውስጥ «ስኳሩን!» ሲሉ ተሰማ።

አብዲ ግን አልተቀመጠም። «እሺ፣ አሲድ ይሁን። ታዲያ ለምንድን ነው የሚያሙለጨልጨው?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለችው ሰብለ። «ቤዝ ያሙለጨልጫል ስላችሁ፣ የሚያሙለጨልጭ ሁሉ ቤዝ እንዳልሆነ አልነገርኳችሁም። የቡናው ፍሬ ላይ ያለው ዝልግልግ ነገር ነው ውሃው ውስጥ የገባው። ውሃው የኮመጠጠው ደግሞ ሲዘፈዘፍ ቆይቶ እንደ ጠላ ስለፈላ ነው።»

«ስለዚህ ግማሽ ልክ ነኝ።»

«ጥያቄህ ሙሉ ልክ ነው።»

አቶ ምሕረቱ ብዕራቸውን አነሡ። «ስማችሁን አንድ በአንድ ንገሩኝ» አሉ። አሥራ አምስቱም ተናገሩ፤ ከአባት ስም ጋር። የአጋሮዎቹም፣ የጅማዎቹም። ከትምህርቱ የበለጠ ጊዜ ወሰደ። ጽፈው ሲጨርሱ «ከቢሮ ጋር ተነጋግረን እናሳውቃለን» ብለው ወጡ። ፈገግ ብለው ይሁን አይሁን አልተስማማንም። እኔ ብለዋል እላለሁ።

እሁድ

ምንም። ሰብለ ከቤተ ክርስቲያን እስክትመለስ ስልኳን እኔ ጠበቅኩ። ከመጣች በኋላ አንድ ጊዜ ጠራና ሁለታችንም ዘለልን፤ በፈዲላ እናት ስልክ አብዲ ነው። እርጎም ያሙለጨልጫል፣ ምን ላድርገው ይላል። ሞክረው አልነው። 

ሰኞ

ከምሳ በፊት መልእክቱ መጣ። ሰብለ ከፈተችና ወዲያው ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እርስዎ ያንብቡት። እኔ አልችልም።»

መነጽሬን ፈለግኩ፤ ግንባሬ ላይ ነበር። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። የጅማው ክፍል ይቀጥላል። ከእንግዲህ በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የልጆቹ ስም እንጂ የስልኮቹ ብዛት አይደለም። በቡድን ለሚማሩ የመልስ ጊዜው ሦስት ደቂቃ ይሆናል።

«ይድገሙልኝ» አለች ዓይኗን ጨፍና።

ደገምኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ ድምፄ እምቢ አለኝ። ጉሮሮዬን ጠራረግኩ፤ እንደገና ሞከርኩ፤ ያው ነው።

«ሳል ነው» አልኳት።

«አዎ ጋሼ» አለች፤ መሐረብ እያቀበለችኝ። «ሳል ነው።»