እሸቴ የዝና አዳራሽ የገባ ዕለት

ሮቤ፣ ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለሚኪያስ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እናትህም እኔም ደህና ነን። የበልጉ ዝናብ ሳያቋርጥ ስለጣለ የሲናና ገብስ ደስ ይላል፤ የእኛ ሰፈር ጭቃ ግን ጫማ ያስወልቃል።

በወረቀት የጻፍኩልህ ስልኬ ተበላሽቶ አይደለም። በስልክ የምልክልህን ማን እንደሚያነበው እርግጠኛ መሆን ስላቃተኝ ነው። ደብዳቤውን የጎረቤታችን የሰሚራ ልጅ ሳላሕዲን ይዞልህ ይመጣል። እሱም እዚያው ኮሪያ፣ ቡሳን ሥራ አግኝቷል። "ከሚኪያስ በቀር ለማንም እንዳትሰጥ" አልኩት። "አብሽሩ ጋሽ ፍቅሬ፣ ፊቱን ሳላይ አልሰጥም" ብሎኛል።

እናትህ የቤዝቦል ሊጋችንን እስካሁን አልተቀበለችውም። ሰሞኑን ስልኬ ላይ አፍጥጬ አየችኝና፣ "እነዚህ ሰዎች የት አገር ነው የሚጫወቱት?" አለችኝ።

"የትም። ሰዎቹ የሉም። ስማቸውን እኛ እናወጣለን፣ ጨዋታውን ኮምፒውተሩ ይጫወተዋል። ልጅሽ ኮሪያ ሆኖ አንድ ቡድን ይመራል፣ እኔ እዚህ ሆኜ አንድ። የቀሩትን የየአገሩ ሰው ይመራቸዋል።"

"ከሌሉ ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል?"

የሚያስጨንቀኝን አልነገርኳትም።

በዚያው ሳምንት የኔ ወርዋሪ ጫሊና ያንተው እሸቴ ለዝና አዳራሽ፣ የሊጉ ታላላቆች ስማቸው ለሚቀመጥበት መዝገብ፣ ቀርበው ነበር። ለኳስ ወርዋሪ ይህ ክብር በቀላሉ እንደማይገኝ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ከሊጉ አባላት ከአራት እጅ ሦስቱ ካልመረጡት ጡረታ ወጥቶ ይረሳል። ሁለቱም በአንድ ቀን አለፉ! አባትና ልጅ መሆናችንን የሚያውቁ ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ አሉን። እኔም ብቻዬን ሳሎን ውስጥ ቆሜ አጨበጨብኩ።

ከዚያ ንግግሩን አነበብኩ። በወርዋሪው ስም ባለቤቱ የሚጽፋትን ማለቴ ነው። ያንተዋ፣ "እሸቴ የሚለውን ስም ያወጣሁለት በልጅነቴ ላስተማረኝ መምህር መታሰቢያ እንዲሆን ነው" ትላለች።

ሚኪያስ፣ እሸቴ መምህር ሆኖ አያውቅም። እሸቴ ከሲናና ገብስ ላይ ወፍ በወንጭፍ የሚያባርር ሰው ነበር። ትንሽ ሳለህ ይዤህ ስሄድ ድንጋዩ የት እንደሚያርፍ ካላየሁ ብለህ ከማሳው ዳር አልነቃነቅ ትል ነበር። ያ ወርዋሪ ቡድንህን የተቀላቀለ ዕለት ደውለህ፣ "ጋሼ፣ እሸቴን አገኘሁት!" ያልከኝ አንተው ነህ። ይህን አንተ ልትረሳው አትችልም።

ስለዚህ ወደ ኋላ ተመልሼ አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። ዕድሜዬን ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው የጨረስኩት፤ ጥርጣሬ አንዴ ከገባብኝ እንቅልፍ የለኝም። አንተ ስታጫውት ጨካኝ ነህ፤ ወርዋሪህን ክንዱ እስኪዝል አታወጣውም። ከጥር ወዲህ ግን ቡድንህ ወርዋሪው ላይ ገና ትንሽ ድካም ሲታይ ይለውጠዋል። በዓለም ላይ ለሌለ ሰው ክንድ የሚራራ አንድ ሰው ገብቷል አልኩ። ድምፅህንም ለመጨረሻ ጊዜ የሰማነው ለገና ነው። ስንደውል አይነሳም፣ ቆይቶ ጽሑፍ ይመጣል።

ለመፈተን ብዬ፣ "መምህር እሸቴ ምን ነበር የሚያስተምርህ?" ብዬ ጻፍኩ።

"ሒሳብ፣ አባባ" የሚል መልስ መጣ።

ያን ጊዜ ያሰብኩትን እዚህ አልጽፈውም። ስልኩን አስቀምጬ ግቢ ወጣሁ፤ ዝናብ እየመታኝ እንደሆነ ያወቅሁት እናትህ ስትጮህብኝ ነው። በኋላ ግን ያቺ አንዲት ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለች። አንተ ከልጅነትህ ጋሼ እንጂ አባባ ብለኸኝ አታውቅም። አባባ የምትለኝ እህትህ ዮዲ ናት።

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ጎባ ሄድኩ። ዮዲ የምትሠራበት መድኃኒት ቤት ሰው ሞልቶት ስለነበር ደጅ ጠበቅኋት። ስታየኝ ደነገጠች።

"አባባ! ምነው፣ እማማ አመማት?"

"እማማ ደህና ናት። እሸቴን ማነው የዝና አዳራሽ ያስገባው?"

"ሚኪ ነዋ።"

"ንግግሩንስ?"

ነጭ ጋወኗን ትቆልፋለች፣ ትፈታለች።

"ዮዲ፣ ወንድምሽ አለ?"

"አለ! በእመቤቴ፣ አለ!" ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "እጁ ነው አባባ። ፋብሪካው ውስጥ ማሽን ያዘው። እንዳትነግሪያቸው ብሎ አስማለኝ። 'ቡድኔ ዝም ካለ ጋሼ ይጠረጥራሉ፣ አንቺ ያዢልኝ' ብሎ የይለፍ ቃሉን ሰጠኝ። አሁን ድኗል። የጎደለው ሁለት ጣት ብቻ ነው።"

እዚያው መንገድ ላይ ቆሜ ተመስገን አልኩ። ልጅህ ተጎዳ ተብሎ ተመስገን ማለት ምን እንደሆነ አሁን አውቃለሁ፤ አንተን አያሳይህ።

ግን ቀጠልኩ። "ጣቱን የተጎዳ ሰው ድምፁ ለምን ይጠፋል?"

"የእማማን ድምፅ ከሰማሁ አልችልም ይላል።"

"የቱ ጋ ነው የተጎዳው? አሳዪኝ።"

ሳታስበው የራሷን ክንድ ከክርኗ ዝቅ አድርጋ ያዘች። ከዚያ ቶሎ ብላ እጇን ወደ ጣቶቿ አወረደችው። አየኋት። ማየቴንም አየች።

ለእናትህ ላልነግራት ቆርጬ ተመለስኩ። ስንዴ እየለቀመች ነበር። "ሁሉም ደህና ናቸው፤ የሚኪያስ ወርዋሪ ትልቅ ክብር አገኘ" አልኳት።

ቀና አላለችም። "ለፋሲካ በላከልን ፎቶ እጁን ለምን ጃኬት ውስጥ ከተተ?"

"በርዶት ይሆናላ፣ ጠጄ።"

"አጠገቡ ያሉት ሁሉ እጅጌያቸው አጭር ነው።"

ከፋሲካ ጀምሮ ይዛው ኖራለች፤ እኔ ተጠራጣሪው ፎቶውን አይቼ አልፌዋለሁ። ሰፌዱን መሬት አስቀመጠችና፣ "ጻፍለት" አለችኝ። "እጁን ይዞም ይምጣ፣ ሳይዝም ይምጣ።"

እነሆ ጻፍኩልህ። ዮዲ ሁለት ጣት ብላለች፤ እኔም የቀረውን ከራስህ አፍ እስክሰማ ሁለት ጣት ብዬ ይዣለሁ። እሷን አትቆጣት። ምስጢርህን የጠበቀችው አቅሟ እስኪያልቅ ነው፤ ቡድንህንም ደህና አድርጋ መርታዋለች። ሳላሕዲን እንዳገኘህ በቪዲዮ እንዲደውልልን አዝዤዋለሁ። ካልቻልክ ምንም አታውራ። ማልቀስ ከመጣብህም አልቅስ፣ እኛም እናለቅሳለን። ስልኩን ብቻ አትዝጋ።

እመቤቴ በሄድክበት ሁሉ ትቅደምህ፣ በባዕድ አገር ከሚያጎርስህ ሰው ታገናኝህ፣ ወደ ቤትህ በሰላም ታግባህ።

የሚወድህ አባትህ፣
ፍቅረሥላሴ ዘውገ