ለምህንድስና የተላከ ሽማግሌ

መስከረም 9፣ ዓርብ

ጠዋት ኔትወርክ የለም። ገብሱን አረምኩ፣ በጎቹን ፈታሁ፣ እንደገና ኔትወርክ ወዳለበት ወደ ዘመሮ ወጣሁ። ከሰዓት የ12ኛ ውጤት መጣ። አልፌያለሁ! እልልታው እስከ ማታ ቀጠለ። አባባ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

እንግዲህ ዩኒ. ልገባ ነው። ሲቪል ምህንድስና። ከዚያ ወንዛችን ላይ ድልድይ። እማዬን ምጥ ይዟት፣ ወንዙ ሞልቶ፣ ሐኪም ቤት ሳትደርስ የቀረችበት ቦታ ላይ። ሌላ ምኞት የለኝም። አንተም ታውቃለህ፣ ደብተሬ፤ ስንቱን ገጽህን ጨረስኩብህ።

መስከረም 12፣ ሰኞ

የሚካኤል ማኅበር ተራው የእኛ ነበር። አባባ ከጸሎቱ በኋላ ተነሥተው ልጄ ኢንጂነር ልትሆን ነው አሉ። ስሜ ጠፋ። ትልቁም ትንሹም ኢንጂነሯ ይለኝ ጀመር። ስም በማውጣት እንደ እኛ ሰፈር ሰው ያለ የለም። ደስ ብሎኛል፣ ምን እደብቅሃለሁ።

መስከረም 15፣ ሐሙስ

አለቀልኝ።

ዓለም ከተማ የሚያስተምረው የአክስቴ ልጅ ደወለ። እንኳን ደስ አለሽ አለና ምን ልትማሪ ነው አለ። ነገርኩት። አይሆንም እኮ አለ። ከዚያ አስረዳኝ። ምህንድስና፣ ሲቪልም ሆነ ሜካኒካል፣ የሚገባው ናቹራል የተፈተነ ነው። ሒሳቡን ከእነፊዚክሱ ያለፈ። እኔ ሶሻል ነኝ።

11ኛ ክ. ስንገባ ት/ቤታችን የፊዚክስ መምህር አልነበረውም። የናቹራል ክፍል አልተከፈተም። የክፍል ኃላፊያችን ዋናው ማለፉ ነው፣ የምትማሩትን ዩኒ. ገብታችሁ ትመርጣላችሁ አሉን። አልዋሹም። ምርጫው ግን ሶሻሉ ከሶሻል፣ ናቹራሉ ከናቹራል ነው። ይቺን የነገረን የለም፤ እኛም አልጠየቅንም። አሁን ቢነገረኝ ምን ያደርጋል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

መስከረም 16፣ ዓርብ

ለአባባ ነገርኳቸው። ብዙ አሰቡ። የሚከለክለው ሰው ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሰው ነው መሰለኝ አልኩ። ሰው ከሆነ ሽማግሌ ይላክበታላ አሉ።

ተው ብል ማን ይሰማኛል። ጋሼ ደምሴ ተጠሩ። የጋራው ግጦሽ፣ ጓሳ፣ ሳሩ በተከለከለበት ጊዜ ከብቱ ገብቶ የተያዘበት ሰው ሁሉ የሚልከው እሳቸውን ነው። እሺ ካልተባሉ አይቀመጡም። እንቢ ተብለው የተመለሱበት ቀን የለም ይባላል። የአባባ የነፍስ አባት መምሬ ጥላሁን መስቀላቸውን ይዘው፣ አጎቴ ሦስተኛ ሆኖ። መንገድ መሪዋ እኔ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። እኔም በሆዴ፣ ምናልባት… አልኩ። አፈርኩ፣ ግን አልኩ።

መስከረም 20፣ ማክሰኞ፣ ማታ

አቅራቢያችን ካለው ዩኒ. ደረስን። ሬጅስትራር ቢሮ። ኃላፊው ልጅ እግር ሰው ነው፤ ሲያየን ብድግ ብሎ ወንበር ሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ እሺ ሳትለን አንቀመጥም አሉት። እሱም ትልልቅ ሰው ቆሞ እንዴት እቀመጣለሁ ብሎ ቆመ። ቢሮ ሙሉ ሰው ቆመን ቀረን።

በትሕትና ነው የነገራቸው። በናቹራል እንደገና ከ11ኛ ጀምራ ተምራ፣ እንደገና ተፈትና ካልመጣች አይሆንም። ምደባው በኮምፒዩተር ነው። መምሬ ጥላሁን ስለ ሚካኤል አሉት። አጎቴ ስለ እማዬ ነገረው። ሰውዬው ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ቃሉ ግን ያው ነው። ጋሼ ደምሴ ዱላቸውን ተደግፈው ወደ ሰውዬው ተጠጉ።

«ልጄ፣ እግዜርም ይለመናል። እናንተ ጋ የሚለመነው ማነው?»

«የለም፣ አባቴ።»

ጋሼ ደምሴ ተቀመጡ። እሺ ሳይባሉ። ማየት አቅቶኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

መስከረም 21፣ ረቡዕ

በአውቶቡስ ተመለስን። ከቤታችን በታች ስንደርስ ጋሼ ደምሴ ዱላቸውን ተክለው ቆሙ።

«እኔ ሰው ላስታርቅ እንጂ አባትሽን ልገድል አልወጣሁም። አንቺ ዝም በይ።»

ገባን። ጋሼ ደምሴ ተቀብለውናል አሉ። አባባ መሬት ሳሙ። መምሬ ጥላሁን መስቀላቸውን ኪሳቸው ከተቱ። በግ ታረደ። ድርሻዬን ለጎረቤት ልጆች ሰጠሁ።

መስከረም 26፣ ሰኞ

ተናድጃለሁ። በሁሉም። በክፍል ኃላፊያችን፣ በኮምፒዩተሩ፣ በጋሼ ደምሴ፣ በራሴ።

መሐል ሜዳ ከተማ ሄጄ ከ11ኛ ልጀምር? ናቹራል አለ፣ የፊዚክስ መምህርም አለ ይላሉ። ግን ለምን ተመለስሽ ሲሉኝ ምን እላለሁ? ሽማግሌዎቹ ዋሽተው ነው? ከዚያ በኋላ ጋሼ ደምሴን ማን አምኖ ይልካቸዋል? ነገ ላሙ ጓሳ የምትያዝበት ደሃ ማንን ይልካል?

አላውቅም። ደክሞኛል።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ምደባ ወጣ። ሩቅ ነው። ሶሻል፣ እንደተባለው። አባባ ምህንድስናው ነው አይደል አሉ። ነው አልኳቸው። እስከ ዛሬ ዝም ብቻ ነበር ያልኩት። ዛሬ ዋሸሁ።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ነገ ጉዞ። አባባ ነይ የማሳይሽ አለ ብለው ወንዝ ወሰዱኝ። ውሃው ጎድሏል። በወዲህም በወዲያም ድንጋይ ተቆልሏል። ማኅበርተኛው ነው፣ በእሑድ በእሑዱ ከቅዳሴ ሲወጣ በሸክም ያመጣው፤ ለእኔ ሳይነግሩኝ። ልጃችን ተምራ እስክትመጣ የድልድዩን እግር እንኳ እናቁምላት ብለው።

ማኅበርተኞቹ ሁሉ ቆመው ጠበቁኝ። አባባ ችካል ሰጡኝና የት ይሁን አሉ። ወዲያ አየሁ፣ ወዲህ አየሁ። ምንም አላውቅም፣ ደብተሬ። እዚህ አልኩ። ጋሼ ደምሴ ችካሉን በድንጋይ መቱት፣ ቀና ብለው አላዩኝም።

ወስኛለሁ። ነገ እሳፈራለሁ። የደረሰኝን እማራለሁ። አልነግራቸውም።

ሰኞ መሠረቱን ሊቆፍሩ ነው። ስንመለስ አባባ ቀስ ብለው፣ መሬቱ ይሸከማል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ይሸከማል አልኳቸው።