ልብሱን ሳያወልቅ

ሰኞ፣ የካቲት 2። ሰቆጣ፣ ማታ 1፡20

ደብተሬ፣ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ርዕሰ መምህሩ ጠሩኝ። ባሕር ዳር የአራት ቀን ሥልጠና አለ፣ ከአምደወርቅ ከተማው መ/ር ጌታሁን ጋር ትሄዳለህ አሉኝ። ደስ አለኝ። ፕሮግራሙን አየሁት፦ ቅዳሜ ከሰዓት መዝናኛ፣ የውሃ መጫወቻ ፓርክ። ደስታዬ እዚያው ቀረ።

እናቴ ስንቅ እያሰናዳች ያችን የአሥራ አንድ ዓመት ጥያቄዋን አመጣች። ወንድምህ ምን ነክቶት ነው ልብሱን ሳያወልቅ ተከዜ የገባው? እኔም እንደ ሁልጊዜው፣ አላውቅም።

አውቃለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 5። ባ/ዳር፣ የምሳ ሰዓት

ሥልጠናው ደረቅ። ጌታሁን የዋና ፓንት ገዝቷል፤ ሰማያዊ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ። አልጋ ላይ ዘርግቶ አሳየኝ። እኔ በቁምጣ እገባለሁ አልኩት። አይፈቀድም አለኝ፤ ኪስ ያለው ነገር ውሃ ይይዛል፣ ከበር ይመልሱሃል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ምሳ አልበላሁም።

ለማንም ያልነገርኩትን ላንተ ልጻፈው። ወሩ መስከረም፣ ተከዜ ገና አልጎደለም። ከዋግ ዝቋላ ወደ ማዶ፣ እኔና ወንድሜ ብቻ፣ ለአጎታችን ተዝካር። ወጋችን የታወቀ ነው፦ ወንዱ ልብሱን አውልቆ ጠቅልሎ ራሱ ላይ ያስራል፣ ሴቶች ጀርባ ይሰጣሉ። ታናሼ አበራ ዲያቆን ነው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ቀበቶውን ሊፈታ ሲል እኔ ነኝ የተናገርኩት፣ ለቀልድ። ዲያቆን ሆነህ በሴት ፊት? ነገ ስትቀድስ በምን ዓይን ሊያዩህ ነው? ሴቶቹ፣ የማያውቁን መንገደኞች፣ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቀበቶውን መልሶ አጠበቀ። ጋቢውን እንደለበሰ ገባ። ጋቢ ውሃ ሲጠጣ ድንጋይ ነው። መሐል ላይ ሲደርስ ውሃው ወሰደው፤ አልደረስኩለትም።

ሳቄ ይከተለኛል። ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲስቅ የራሴን እሰማለሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7። ፓርኩ፣ ከሰዓት 9፡00

ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገባሁ። ከበር ላይ የገዛሁትን ጥቁር ፓንት ለብሼ አሥር ደቂቃ ቆምኩ። ፎጣ አገለደምኩ። ሳቁን እየጠበቅሁ ወጣሁ።

የሳቀ የለም። አንድ ቦርጫም በፓንት ብቻ ተሰልፎ ድንች ጥብስ ይገዛል። አንድ ሽማግሌ፣ ደረታቸው ሸብቷል፣ አንገታቸው ላይ ማተብ፣ እሳቸውም በፓንት፣ ቆመው ስለ እህል ዋጋ ያማርራሉ። ሴቶች በአጠገባቸው የራሳቸውን ወሬ እያወሩ ያልፋሉ። ጌታሁን ከመንሸራተቻው ወርዶ ግማሹን ውሃ አስወጣው። ና እንጂ አለኝ፣ ማንም አያይህም።

ይኸን ነበር ለአበራ ማለት። ሁለት ቃል።

ፎጣዬን ጣልኩ። እስከ ደረቴ ገባሁ። ሰውነቴ ቀለለኝ፤ አልዋሽህም፣ ደስ አለኝ። ወዲያው ከጎኔ ሰው የቆመ መሰለኝ፣ ከነጋቢው። ዘልዬ ወጣሁ። ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ሽማግሌው በረደህ ወይ ልጄ አሉኝ። ወንድሜ ሞቶብኝ ነው አልኳቸው፣ ዛሬ የተረዳሁ ይመስል። እግዚአብሔር ያጥናህ ብለው የራሳቸውን ፎጣ ደረቡልኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 9። ሰቆጣ፣ ጠዋት 3፡00

ጾም ገባ። እናቴ በቋንቋችን በኽምጣኛ ጠየቀችኝ፤ ዋኘህ? ዋኘሁ። ተራቁተህ? በፓንት። ሰው አላፈርክም? አላፈርኩም አልኳት።

ምስር መልቀሙን አቆመች። ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት የደበቀችውን አወጣችው። አበራ ወንዝ ዳር ያደገ ልጅ ነው፣ ወጉን ያውቃል። ልብሱን ሳያወልቅ የገባው ሆን ብሎ ይሆን? ሞት ፈልጎ? ለነፍስ አባቷ እንኳ አልተናገረችም፤ ፍትሐቱን ከንቱ ይሉብኛል ብላ ፈርታ።

 ወጥቼ ጓዳ ገባሁ፣ ይኸን እጽፋለሁ። ዝምታዬ እኔን ብቻ የሚበላ ይመስለኝ ነበር። ለካ እሷ ልጇን በየቀኑ ሲኦል ስታወርደው ኖራለች፣ በኔ ምክንያት።

ድምጿ ይሰማኛል፣ ምስሩን ታንገዋልላለች። አሁን እወጣለሁ። አጠገቧ እቀመጣለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር አውቄያለሁ፦ እማ፣ ሊያወልቅ ነበር፤ እኔ ነኝ ያሳፈርኩት።