የአሥራ አንድ ሰዓቱ ቁጥር

ዓርብ፣ መጋቢት 2 ቀን 1986 ዓ.ም.፤ ምሽት 1 ሰ.

ጾሙ ከገባ አምስተኛ ቀን። ሙቀቱ ልብስ ከገላ ያጣብቃል። ከጤና ጣቢያ 9:30 ወጥቼ ለሠርክ ጉባኤ ቀድሜ ደረስኩ፤ ከፊት ተቀመጥኩ። ስብከቱ ስለ ታማኝነት። ሦስት ገጽ ጻፍኩ፤ በንጹሕ እገለብጠዋለሁ። ማስታወሻዬ ሆይ፣ ለአንተ የገባሁትን ቃል እደግማለሁ፦ ዘንድሮ ጾሜ ከማዕድ ብቻ አይሆንም። በነርስነቴም፣ በአነጋገሬም፣ ሰው በማያይበትም ቦታ አንድ ዓይነት ሰው እሆናለሁ።

ሰኞ፣ መጋቢት 5፤ ቀትር

በላምባ የሚሠራው የክትባት ማቀዝቀዣ ጠፍቶ አገኘነው። ላምባው ግማሽ አለ፤ ክሩ ግን ከስሏል። ክትባቱ ሁሉ ሞቋል፤ ይጣላል። የኢታንግ የክትባት ጉዞ ተሰረዘ። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ከማለዳ ጀምረው እዚያ ይጠብቃሉ፤ እንደማንመጣ የሚነግር መኪና የሄደው ከረፋዱ 5 ሰ. በኋላ ነው።

ተናደድኩ። ማቀዝቀዣውን የምትይዘው አጁሉ ናት፤ የጽዳት ሠራተኛችን፣ ጊዜያዊ ቅጥር፣ የአራት ልጆች እናት። ላምባ መሙላትና ክር መጥረግ የእርሷ ነው፤ ጠዋትና 11 ሰ. ቴርሞሜትሩን አንብቦ መመዝገብ የእኔ። መዝገቡን ገለጥኩ፦ ዓርብ፣ 11 ሰ.፣ 5 ዲግሪ። የእጅ ጽሑፌ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበት። እንግዲህ የጠፋው ከዚያ በኋላ፣ ቅዳሜና እሑድ ተዘግቶ ሳለ ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 7፤ ምሽት 12 ሰ.

ግምገማ ዋልን። ሃያ ሰው ያህል። ቃለ ጉባኤውን እንደ ልማዴ እኔ ያዝኩ። አጁሉ ተነሥታ፣ ዓርብ እሳቱ ጥቁር እንደሚያጨስ ለሲስተር ነገርኳት፣ ከቁም ሳጥኗ አዲስ ክር እንድትሰጠኝ ጠየቅኳት፣ ነጠላዋን እያጣፋች “እሺ” ብላኝ ሄደች አለች። ሰው ሣቀ። እኔ አልሣቅኩም። መዝገቡን ከፍቼ አነበብኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር አልተነገረኝም፣ መዝገብ አይዋሽም አልኩ።

ኃላፊያችን አቶ መኮንን ውሏ እንዲቋረጥ ሐሳብ አቀረቡ። በሚመጣው ረቡዕ ይጸድቃል። አጁሉ ተቀመጠች። እውነት መናገር ከባድ ነው፤ ሆኖም ተናገርኩ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 8፤ ምሽት 1 ሰ.

ስብከቱን ልገለብጥ ወደ ዓርብ ገጽ ተመለስኩ። “9:30 ወጥቼ” ይላል።

9:30።

ታዲያ የ11 ሰዓቱን ማን አነበበው?

ማንም። ከመውጣቴ በፊት ጻፍኩት። ሁልጊዜ አምስት ነው፤ አምስት አልኩ። በሩን እንኳ አልከፈትኩም። አሁን ሌላውም ይመጣልኛል፦ አጁሉ ደጃፉ ላይ፣ ጣቶቿ በጥላሸት ጠቁረው፣ አንድ ነገር ስትለኝ። “እሺ” አልኩ። ምን እንዳለች አልሰማሁም፤ ጉባኤው እንዳያመልጠኝ እየተጣደፍኩ ነበር። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ በቦርሳዬ ከእኔ ጋር ቤ/ክ ሄደ።

ማስታወሻዬ ሆይ፣ አንተ መሰከርህብኝ። እራት አልበላሁም። ይህ ጾም አይባልም።

ዓርብ፣ መጋቢት 9

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉን ነገርኳቸው። መቶ ስግደት ሰጡኝ። ፊቴ ሲፈታ አዩ መሰለኝ፤ “ጉልበትሽስ ብርቱ ነው ልጄ፣ ምላስሽን ማን ያሰግደው?” አሉኝ።

ሰገድኩ። 12 ሰ. ሳይሞላ ጨረስኩ። ቀለለኝ፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ለአጁሉ ምንም አልተለወጠላትም።

እሑድ፣ መጋቢት 11፤ ከቅዳሴ በኋላ

ባሮ ወንዝ ዳር። አጁሉ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ገብታ አንሶላ ታጥባለች። ጫማዬን በእጄ ይዤ ነገርኳት፤ መዝገቡን፣ ክሩን፣ “እሺ” ያልኩትን። ማጠቧን አላቋረጠችም።

“መጽሐፍ ሁሌ ታነቢያለሽ ሲስተር። ፍሪጁን ነው ያላነበብሽው።”

ይቅር በይኝ አልኩ።

“እዚህ ባሮ ብቻ ነው የሚሰማው። ረቡዕ ሃያ ሰው ነበር።”

የአንሶላውን አንድ ጫፍ ሰጠችኝ፤ ያዢ አለች። ጠመዘዝን። ክንዷ የእኔን እጥፍ ነው፤ ወደ ውሃው ልትጥለኝ ምንም አልቀራት፤ ሣቀች። ይቅር ብዬሻለሁ ግን አላለችም። ልክ ናት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 13፤ 11:30

ለአቶ መኮንን ነገርኩ። ተነሥተው በሩን ዘጉ። ለጅማው ሥልጠና ስሜ እንደተላለፈ አስታወሱኝ። መፍትሔም አላቸው፦ ነገ በግለ ሂስ ተራሽ እንደ ሰው ሁሉ “አልፎ አልፎ የመቸኮል ችግር አለብኝ” በዪና ተቀመጪ፤ የአጁሉን ጉዳይ ሌላ ጊዜ እናነሣዋለን። ነገ ውሏ ይቋረጥ የለም ወይ አልኩ። “ሲስተር፣ ይህ ቤተ ክርስቲያን አይደለም” አሉ። እኔም ክትባቱ የተበላሸው እዚያ አንድ፣ እዚህ ሌላ ሰው ስለነበርኩ ነው ብዬ መለስኩ።

ቤት ገብቼ ያቺን ዐረፍተ ነገር ለብቻዬ አልኳት። የመቸኮል ችግር። እንዴት ለአፍ ትመቻለች። ውሸትም የለባት። ጅማ መሄድ እፈልጋለሁ፤ ካንተ አልደብቅም። ሁለት ዓመት ጠብቄዋለሁ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 14፤ ጠዋት 2:20

ስብሰባው 2:30 ይጀመራል። ቃለ ጉባኤውን ለመድኃኒት ክፍሉ ሠራተኛ አስረከብኩ፤ የዛሬውን ቃሌን ሌላ ሰው ይጻፈው። የምለው በወረቀት ሰፍሯል፦ ዓርብ 9:30 ወጣሁ። የ11 ሰዓቱን ቁጥር ሳላነብ ጻፍኩ። አጁሉ ክር ጠየቀችኝ፤ አልሰጠኋትም። ባለፈው ረቡዕ በሐሰት መሰከርኩባት። መቸኮል የሚል ቃል የለበትም።

ጊዜያዊ ሠራተኞች ውጭ ይጠብቁ ተብሏል። አጁሉ ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ናት፤ ከመስኮቱ ትታየኛለች። እርሷ ሳትሰማ አልናገርም። ብትከለከል በሩን ከፍቼ፣ እስከ ማንጎው በሚደርስ ድምፅ እናገራለሁ። ልጠራት ወጣሁ።